ምን ልቀባው?

ሰሞኑን በስልክም በጽሑፍም የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ሆኗል። «የሦስት ወር ልጄ ጉንጩ ላይ ሽፍታ ወጣበት፣ ምን ልቀባው?» «ልጄ ቂጧ ቀላ፣ ምን ልቀባት?» አንዲት እናት ደግሞ እንዲህ አለችኝ፦ «ጎረቤቴ የሰጠችኝን ቅባት ስቀባው በሁለት ቀን ጥፍት ይላል፤ ስተወው ግን ብሶበት ይመለሳል።» የዛሬውን ወግ ያስጻፈችኝ እሷ ናት።

እህቴ፣ ያ ቱቦ ላይ ምን ተጽፏል? ቤታሜታዞን፣ ክሎቤታሶል፣ ሞሜታሶን የሚል ካለበት ስቴሮይድ ነው። ስቴሮይድ የተቆጣ ቆዳን ያበርዳል፤ ቅላቱም ማሳከኩም ቶሎ ይጠፋል። ሰውን የሚያታልለው ይኸው ቶሎ መጥፋቱ ነው። የሽፍታው መነሻ ፈንገስ ከሆነ ፈንገሱ ከሥር እየተስፋፋ ነው። እከክ ከሆነም ተባዩ እዚያው አለ። ላዩ ስለጠፋ ዳነ ማለት አይደለም።

የሕፃን ቆዳ ስስ ነው፤ ከክብደቱ ጋር ሲተያይ ደግሞ ሰፊ ነው። ስለዚህ ከተቀባው ወደ ሰውነቱ የሚሰርገው ከእኛ ከአዋቂዎቹ ይበልጣል። በላዩ ላይ ዳይፐር ሲታሰርበት ቆዳው ስለሚታፈን የሚሰርገው ይጨምራል። ጠንካራ ስቴሮይድ ለሳምንታት ሲቀባ ቆዳው ይሳሳል። አልፎ ተርፎም ከኩላሊት በላይ ያለው አድሬናል የሚባለው ዕጢ የራሱን ሆርሞን ማመንጨት ይቀንሳል። የልጁ ፊት ክብ ይሆናል፣ ሰውነቱ ይሞላል፣ ዕድገቱ ግን ወደ ኋላ ይቀራል። ቤተ ዘመዱ «እሰይ፣ ወፈረልሽ!» ይላል፤ ይህን ስሰማ ልቤ ይደማል።

«ከፋርማሲ ነው የገዛሁት» አትበሉኝ። ከፋርማሲ መገዛቱ ለዚህ ልጅ መታዘዙን አያሳይም። ለጎረቤት ልጅ የሠራ መድኃኒትም ለእናንተ ልጅ አልታዘዘም። ሐኪም ልጁን አይቶ ችፌ ነው ብሎ ቀለል ያለ ሃይድሮኮርቲዞን ለጥቂት ቀናት ካዘዘ ያን ግን ሳትፈሩ እንዳዘዘው ቀቡት። ፍርሃቴ ማንም ሳያየው ከቤት ወደ ቤት ስለሚዞረው ቱቦ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? በችፌ ልጀምር፣ ብዙዎቻችሁ ጉንጭና ግንባር ላይ የምታዩት እሱ ነውና። ቆዳው ይደርቃል፣ ይሻክራል፣ ልጁን እያሳከከ እንቅልፍ ይነሳዋል። ዋናው መድኃኒቱ ወዝ ነው። ለብ ባለ ውሃ፣ ሳይቆይ፣ በትንሽ ሳሙና እጠቡት። በፎጣ ሳትፈትጉ ጠፍ ጠፍ አድርጉና ገና እርጥበቱ ሳይጠፋ ሽታ የሌለው ቫዝሊን ቀቡት። በቀን ደጋግማችሁ ቀቡት፣ ወፈር አድርጋችሁ፣ ሽፍታው በጠፋበት ቀንም ጭምር። ሽቶ ያለው ሎሽን ይቅር። የሱፍ ሹራብም በቀጥታ ገላው ላይ አይልበስ፤ ከሥር ስስ ጥጥ ይኑር።

የዳይፐር ቁስል ደግሞ ከቅባት በፊት አየር ይፈልጋል። ዳይፐሩን ቶሎ ቶሎ ቀይሩ። በንጹሕ ውሃ አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ፣ ጥቂት ጊዜ ራቁቱን ተዉት። ከዚያ ዚንክ ኦክሳይድ ያለበትን ቅባት ወፈር አድርጋችሁ ቀቡ። በሁለት ሦስት ቀን ካልተሻለው፣ ቅላቱ የብሽሽትና የጭን እጥፋት ውስጥ ከገባ፣ ዙሪያውንም ትናንሽ ቀያይ ነጠብጣቦች ካሉት ፈንገስ ሊሆን ይችላል። ጤና ጣቢያ ታይቶ ኒስታቲን ወይም ክሎትሪማዞል ይታዘዝለታል። እዚህ ላይ ጆሯችሁን ስጡኝ፦ ክሎትሪማዞልና ቤታሜታዞን በአንድ ቱቦ ተቀላቅለው ይሸጣሉ። ስሙ ሲጠራ የፈንገስ መድኃኒት ይመስላል፤ ግን ያው ስቴሮይድ ውስጡ አለ። ጽሑፉን እስከ መጨረሻው አንብቡ፤ ማንበብ ካልቻላችሁም አስነብቡ።

ፓውደሩንም ተዉት። ብናኙ ወደ ሳንባው ይገባል፤ ለቁስሉም አይፈይድለትም።

አሁን ወደ አያቶች ልዙር፤ ብትቆጡኝም እናገራለሁ። በጠራራ ፀሐይ ሁለት ሹራብ፣ ኮፍያና ጋቢ ለብሶ አንገቱና ደረቱ ላይ ደቃቅ ሽፍታ የሞላበት ሕፃን በሽታው ሙቀት ነው። ማጅራቱን ዳስሱት፤ ካላበው አንድ ልብስ አውልቁለት። ብርድ እንዳይመታው ማሰባችሁ ፍቅር መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ልጁ እየታፈነ ነው።

ደቂቃዬ እያለቀብኝ ስለሆነ ልፍጠን። አፍንጫው ላይ ያሉት ነጫጭ ነጥቦች በሳምንታት ውስጥ ራሳቸው ይጠፋሉ፤ አትጭመቋቸው። ወገቡ ላይ ያለው ሰማያዊ መሰል ጥላ አብሮት የተወለደ ነው፤ ማንም አልመታውም፣ ከዕድሜ ጋር ይደበዝዛል። እከክ ከሆነ፣ በተለይ ሌሊት የሚያሳክከውና ሌላም የቤት ሰው የሚያክክ ከሆነ፣ መላው ቤተሰብ በአንድ ቀን ይታከም፤ አልጋ ልብሱም በፈላ ውሃ ይታጠብ። ከንፈሩ ላይ ምች የወጣበት ሰው አራስ ሕፃን እንዳይስም። ያ ቁስል የሚመጣው ከቫይረስ ነው፤ ለጨቅላ ሕይወት አስጊ ነው። እንግዳው ቅር ቢለውም ይበለው።

ከሁለት ወር በታች ሆኖ መግል የቋጠረ ወይም ውሃ የያዘ ሽፍታ የወጣበት፣ ያተኮሰው፣ ጡት አልጠባ ያለ፣ ወይም እትብቱ ዙሪያ የቀላ ልጅ ካላችሁ ግን ምንም ሳትቀቡ አሁኑኑ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት፤ ሌሊትም ቢሆን።

የደወልሽልኝ እናት፣ አንቺም ልጅሽን ይዘሽ ነገ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ስትቀቢው ከቆየሽ ቅባቱን በራስሽ ፈቃድ በድንገት አታቋርጪ፣ ሐኪሙ እንዴት እንደሚቆም ይንገርሽ። ቱቦውንም ይዘሽ ሂጂ፤ ምን ሲቀባ እንደከረመ ማወቅ አለበት።