አንደበት ሲዘገይ
(በተማሪዎች ማኅበር የማታ ስብሰባ ላይ የተነበበ)



ይህን ንግግር ያዘጋጀነው ከመቱ፥ ከጎሬና ከቡሬ የመጣን ሦስት ተማሪዎች ነን። ቡሬ ስንል የጎጃሙን አይደለም፤ ከጎሬ ወደ ጋምቤላ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለውን የኢሉባቦሩን ነው። ከሦስታችን አንዱ ያነባል፤ ሁለቱ አጠገቡ ቆመዋል። ማኅበሩ ለአንድ ተናጋሪ የሚሰጠው ጊዜ ዐሥራ አምስት ደቂቃ ሲሆን፥ እኛ ግማሽ ሰዓት ለምነን ተፈቅዶልናል። ምክንያቱን ለማስረዳት ብዙ አንደክምም፤ እስካሁን የሰማችሁት ይበቃል።

ብዙዎቻችሁ በምግብ ቤትም በክፍልም ታውቁናላችሁ። «እነዚያ ዝምተኞቹ የኢሉባቦር ልጆች» እንደምንባልም ሰምተናል። ዝምተኞች አይደለንም። የምንናገረው ነገር ሳይጠፋን መናገሪያው መንገድ የሚጠፋብን ሰዎች ነን። የዛሬውም ንግግራችን ስለዚሁ ነው።

የችግሩ ስም በሐኪሞች ቋንቋ ዲስፕራክሲያ ይባላል። ቃሉ ከግሪክ የመጣ ሲሆን፥ ማድረግ የፈለጉትን ለማድረግ መቸገር እንደ ማለት ነው። አንድ ሰው «ቡና» ለማለት ሲያስብ፥ አእምሮው ለከንፈር፥ ለምላስ፥ ለጉሮሮና ለትንፋሽ በየተራቸው ትእዛዝ ይሰጣል። ከንፈር ይገጥማል፥ ይከፈታል፤ ምላስ ወደ ላይ ይነሣል፤ ትንፋሽ በአፍንጫ ያልፋል። ይህ ሁሉ ከአንድ ሰኮንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ይፈጸማል። በእኛ ዘንድ ጡንቻው ደካማ አይደለም፤ ጆሮውም ይሰማል፤ ትእዛዙን በተራ አሰልፎ መላክ ላይ ነው ጉድለቱ። ከዚህም የተነሣ «ቡና» ያልነው አንድ ጊዜ «ቡና»፥ አንድ ጊዜ «ሙና»፥ ሌላ ጊዜ ደግሞ «ቡማ» ሆኖ ይወጣል። ስሕተቱ እንኳ አንድ ዓይነት አለመሆኑ የችግሩ ዋና ምልክት ነው።

ይህ ከመንተባተብ የተለየ ነው። የሚንተባተብ ሰው ቃሉን ይዞት መንገድ ላይ ይደናቀፋል፤ እኛ ግን የቃሉን መንገድ በየጊዜው እንደ አዲስ መጥረግ አለብን። ቃሉ ሲረዝም መንገዱም ይረዝማል። የእኛ ቋንቋ ደግሞ በዚህ ረገድ አይራራም፤ «እንደማያስፈልጋቸው» የሚለውን አንድ ቃል ለማለት ስንት ጊዜ ምላስ እንደሚነሣና እንደሚወድቅ ቍጠሩ። ጠ፥ ጨ፥ ጸ፥ ቀ ጉሮሮን ዘግቶ በድንገት መልቀቅን ይጠይቃሉ። ማጥበቅና ማላላትም አለ። «ገና» ላልቶ ሲነገር ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲነገር በዓል ነው። እኛ ፊደሉን በትክክል ብናወጣ እንኳ፥ ጥብቀቱ ካመለጠን በዓሉን ሳናከብር እንቀራለን። አፋን ኦሮሞም የሚጠብቅና የሚላላ፥ የሚረዝምና የሚያጥር ድምፅ ስላለው፥ ከአንዱ ወደ ሌላው ብንሸሽ እረፍት አናገኝም።

የሰውነት እንቅስቃሴን አቀናጅቶ የመፈጸም ችግር እንግዳ ነገር አይደለም። ለትምህርት ከደረሱ ልጆች መካከል ከመቶ አምስት ወይም ስድስት ያህሉ እንዳለባቸው የሕክምና መጻሕፍት ይገምታሉ። እነዚህ ቁልፍ ለመቈለፍ፥ የጫማ ክር ለማሰር ወይም ለመጻፍ የሚቸገሩት ናቸው። ንግግርን የሚይዘው ዓይነት ግን ከዚህ በጣም ያነሰ ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ሁጎ ሊፕማን እ.ኤ.አ. በ1900 ጡንቻው ደኅና ሆኖ ሳለ እጁን እንደ ፈቃዱ ማዘዝ ስላቃተው በሽተኛ ጽፎ፥ ለጥናቱ በር ከፈተ። እ.ኤ.አ. በ2001 ደግሞ ተመራማሪዎች በእንግሊዝ አገር የሚኖርን አንድ ቤተ ሰብ መርምረው፥ በሦስት ትውልድ ውስጥ ግማሽ ያህሉን አባላት እንዲህ ያለ የንግግር ችግር ላይ የጣለውን የዘር ቅንጣት አገኙ። ብዙዎቹ ባለ ችግሮች ይህ ቅንጣት የተበላሸባቸው አይደሉም፤ ቢሆንም ግኝቱ ነገሩ የስንፍና ወይም የእርግማን ጉዳይ አለመሆኑን አስመስክሯል።

ከሦስታችን ይህን ስም ቀድሞ የሰማው የመቱው ነው፤ ያውም በሃያ ዓመቱ፥ አዲስ አበባ መጥቶ ነው። እስከዚያ ድረስ ሌሎች ስሞች ነበሩን። «ኮልታፋ» ቀላሉ ነበር። «ምላሱ ታስሮ ነው» የሚሉም፥ «እናቱ እርጉዝ ሳለች ደንግጣ ነው» የሚሉም ነበሩ። የቡሬውን ልጅ በአራት ዓመቱ እንጥሉን አስቈርጠውታል። እንጥል መቍረጥ ደም የሚያፈስና ቍስል የሚያመረቅዝ ጎጂ ልማድ ነው፤ ንግግርን በሚያዘው አእምሮ ላይ ግን አንዳች ለውጥ አያመጣም። ወላጆቹን አንወቅስም። ልጃቸው እንዲናገር ፈልገው የነበራቸውን ብቸኛ መድኀኒት ገዙ፤ ለቈራጩም የከፈሉት የቡና ሽያጭ ገንዘብ ነበር። የምናወቅሰው ሌላ መድኀኒት አለመኖሩን ነው።

የጎሬው ጓደኛችን ሁለተኛ ደረጃ በተማረበት ቤት፥ አንድ መምህር ቆሞ እንዲያነብ ያዙትና ሲቸገር «ተቀመጥ፤ ያላጠናህ ነህ» ይሉት ነበር። ጽሑፉን በቃሉ ያውቀው ነበር። በፈተና ወረቀት ከክፍሉ አንደኛ ሲወጣ ደግሞ ኰረጀ ተባለ። እንግዲህ እንዲህ ያለው ሰው ሁለት ጊዜ ይፈረድበታል፤ ሲናገር እንደ ደንቆሮ፥ ሲጽፍ እንደ ሌባ።

ሌላም የሚያጠራጥረን ነገር አለ። ሰላምታ ያለ ችግር ይወጣልናል። «እንደምን አደራችሁ» ወይም «አካም ጂርቱ» ብዙ ጊዜ ስለ ተባለ መንገዱ የተጠረገ ነው። ጠያቂው ቀጥሎ «ከወዴት ነህ?» ሲል ግን መንገዱ ይጠፋል። «ኢሉባቦር» ማለት ለእኛ ዳገት ስለ ሆነ፥ ጎሬም ቡሬም የተወለድነው «መቱ» እንላለን፤ በሁለት ፊደል ያልቃልና። ሰዎች ግን «ሰላምታውን አሳምሮ ተናግሮ አሁን ምን ነካው? ያስመስላል» ይላሉ። በታክሲ ስንሄድም «ወራጅ አለ» ማለት በጊዜው ስለማይደርስልን፥ ከመውረጃችን አልፈን በእግራችን የተመለስንባቸው ቀኖች ጥቂት አይደሉም። ስልክ ሲደወልልን ደግሞ ዝምታችንን ሰምቶ ደዋዩ ይዘጋዋል።

በአገራችን ጤፍ የሚቆላ ምላስ ይደነቃል። አንደበተ ርቱዕ የሆነ ይሾማል፥ ይሸመግላል፥ ይዳራል። በዚህ አንቀናም። ይሁን እንጂ ንግግር የሐሳብ ማስረጃ እንጂ ሐሳቡ ራሱ አይደለም። ሙሴ ምላሱ ከባድ እንደ ነበረ በመጽሐፍ ቅዱስም በቁርአንም ይነገራል፤ ወንድሙ አሮንም ረዳቱ ሆኖ ተሰጠው። በመቱ ገበያ ክርስቲያኑም እስላሙም ይህን ታሪክ ያውቀዋል፤ ነገር ግን የጎረቤቱ ልጅ ሲኮላተፍ ሙሴ ትዝ አይለውም።

ከእኛው አገር ታሪክም አንድ ምሳሌ እናምጣ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1902 ዓ.ም. ሕመሙ በርትቶባቸው አንደበታቸው ሲታሰር፥ የመንግሥቱን ሥራ በእንደራሴነት የያዙት ጎሬን መቀመጫ አድርገው ኢሉባቦርን ይገዙ የነበሩት ራስ ተሰማ ናደው ነበሩ፤ በ1903 ዓ.ም. እስኪሞቱም በዚሁ ቆዩ። የንጉሠ ነገሥቱ ሕመም ከእኛ ችግር የተለየ ነው፤ የእርሳቸው በኋላ የደረሰ፥ የእኛ ከልጅነት የመጣ ነው። ነገር ግን አንድ ነገር ያስተምረናል። የሰው አንደበት ሲያዝ በዙሪያው ያሉት ስለ እርሱ መናገር ይጀምራሉ። ንጉሥ እንኳ ከዚህ አላመለጠም። ለእኛም ሁልጊዜ እንደራሴ አይጠፋልንም፤ ወንድም፥ የክፍል ጓደኛ፥ የመኝታ ክፍል ባልንጀራ «እሱ ሊል የፈለገው» ብሎ ይጀምራል። ብዙ ጊዜ ሊል የፈለግነው እርሱ አይደለም።

እዚህ ላይ በራሳችንም ላይ እንፈርዳለን። እንደራሴውን የምንሾመው እኛው ነን። የከበደንን ቃል ትተን የቀለለውን ስንመርጥ፥ ሐሳባችንም አብሮ እየቀለለ ሄዷል። በክፍል ውይይት ላይ መልሱን እያወቅን እጃችንን አጣምረን ተቀምጠናል። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ እኛ ግን ስንነቅዝ አይተነዋል።

ለመሆኑ መድኀኒት አለውን? ክኒንም ቢላዋም የለውም። ያለው ልምምድ ነው፤ አጭር፥ ተደጋጋሚ፥ ብዙ ቀን የሚቆይ ልምምድ። በንግግር ሕክምና የሠለጠነ ባለሙያ ቃሉን በዝግታ እየከፋፈለ፥ አፉን እያሳየ፥ በእጅ ምት እየመታ ያለማምዳል። በልጅነት ቢጀመር ይመረጣል፤ በእኛ ዕድሜም ቢጀመር ይጠቅማል፥ ፈጽሞ ባያጠፋውም እንኳ። ድካምና ጥድፊያ ያብሱታል። እንዲህ ያለ ባለሙያ በአዲስ አበባ እንኳ ጥቂት ነው። ከመቱ እስከ አዲስ አበባ ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ ተመላልሶ የሚታከም ገበሬ የለም። ስለዚህ እኛ ማታ ማታ በመኝታ ክፍላችን መስተዋት ፊት ቆመን እንለማመዳለን። እስካሁን ስቃችሁብን ከሆነ ይቅር ብለናል፤ ምን እያደረግን እንደ ሆነ አሁን ዐወቃችሁ።

የመጣንበት ዋናው ጉዳይ ይህ ነው። የጎሬው ጓደኛችን መምህር ለመሆን ያጠናል፤ በሚመጣው መንፈቅ ዓመት ክፍል ገብቶ የማስተማር ልምምድ ያደርጋል። ዘመዶቹ «ሌላ ሥራ ፈልግ» ይሉታል። እርሱ ግን በአገሩ አንድ ልጅ «ያላጠናህ ነህ» ተብሎ እንዳይቀመጥ፥ በዚያ ክፍል ውስጥ ነገሩን የሚያውቅ መምህር ሊኖር ይገባል ይላል። እኛም እንደ እርሱ እናስባለን።

ስለዚህ የምንጠይቀው አራት ነገር ነው። አንደኛ፥ ጊዜ ስጡን፤ ከቃል ፈተና ይቅርታ እንዲደረግልን አንለምንም፥ ፈተናው እንዲረዝምልን እንጂ። ሁለተኛ፥ ቃላችንን አትጨርሱልን። ሦስተኛ፥ ያልገባችሁን እንደ ገባችሁ ራሳችሁን አትነቅንቁ፤ «ድገመው» ብትሉን አንቀየምም፥ ንቃችሁ ስታልፉ ግን እናውቃለን። አራተኛ፥ በቃል ያልወጣውን በጽሑፍ ስንጨምር ተቀበሉን፤ ያወቅነውንና የተናገርንበትን መንገድ ለየብቻ መዝኑ። ይህ ምጽዋት አይደለም። አገራችን የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት በ1000 ሳይሆን በ2000 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቍጥር 568 ደንግጋለች (ይህችን አንዷን ስሕተት ሆን ብለን አስገብተናል፤ እስካሁን እየሰማችሁን መሆኑን ለማወቅ ነው)፤ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት አጽድቃለች።

በእኛ አገር ቡና ሲፈላ ሦስት ጊዜ ይጠጣል፤ አቦል፥ ቶና፥ በረካ። አቦሉን ብቻ ጠጥቶ የሚነሣ እንግዳ ቤቱን እንዳከበረ አይቈጠርም። እኛም ስንናገር አቦላችን ቀጭን ሊሆን ይችላል። እስከ በረካው ተቀመጡልን።