የወረቀት ምሥክርና የእጅ ምሥክር
(በድሬዳዋ ለኮሌጅ ተማሪዎችና ለአሳዳጊዎቻቸው የተደረገ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ዛሬ ልንነጋገርባቸው የፈለግናቸው ጉዳዮች ሁለት ናቸው፤ ተማሪው ከመመረቁ በፊት የሚያዘጋጀው ጥናትና የሚወጣበት የሥራ ልምምድ። ብዙ ተማሪዎች እነዚህን ሁለቱን ለምረቃ ሲባል ብቻ የሚከፈሉ ዕዳዎች አድርገው ይቆጥሯቸዋል። ጥናቱን ከሌላ ሰው ገልብጦ ወይም በገንዘብ አሠርቶ የሚያቀርብ፣ ልምምዱንም ማኅተም አስመትቶ ብቻ የሚመለስ መኖሩ ከማናችንም የተሰወረ አይደለም። እኛ ግን በተለይ አባት ለሌለው ተማሪ ከእነዚህ ከሁለቱ የተሻለ ስንቅ እንደማይገኝ ልናሳስብ እንወዳለን።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። አባት ያለው ተመራቂ ሥራ ፍለጋ ሲወጣ የአባቱ ወዳጆች ያውቁታል፤ «የእገሌ ልጅ ነው» ተብሎ በር ይከፈትለታል። የቲሙ ግን ዲግሪውን ይዞ በሩ ላይ ሲቆም፣ ዲግሪው ከሌሎች መቶዎች ዲግሪ ጋር አንድ ዓይነት ወረቀት ነው። ስለ እርሱ የሚናገርለት በእጁ የሠራው ሥራና ሲሠራ ያየው ሰው ብቻ ነው።

ይህን የምንለው ከራሳችንም ተሞክሮ ተነሥተን ነው። በልጅነታችን በደረሳነት ኪታብ ስንቀራ፣ ሸኻችን ትምህርቱን በቃላችን መያዛችንን ብቻ አይተው አያሳልፉንም ነበር፤ ለታናናሾቻችን እንድናስቀራ ያዙን ነበር። አንድን መስአላ ለሌላው ለማስረዳት ስንቀመጥ ነው ያልገባን የቱ ጋ እንደሆነ የታወቀን። ኋላ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስንገባ ደግሞ የኬሚስትሪ ሙከራዎችን በደብተር ገለበጥን እንጂ በእጃችን አልሠራናቸውም። ፈተናው ሲያልፍ አብረው አለፉ። በማስቀራት የተማርነው ግን እስከ ዛሬ አብሮን አለ።

ይህች ከተማችን ራሷ በተግባር ትምህርት ያደገች ናት። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ ከተማዋ ተቆረቆረች፤ የምድር ባቡሩ የጥገና ወርክሾፕም ለብዙ ትውልድ የሙያ ትምህርት ቤት ሆነ። ብረት መቁረጥና መበየድ፣ ሞተር መፍታትና መግጠም ከባለሙያው አጠገብ በመቆም ይለመድ ነበር። አዋቂው ይሠራል፣ ወጣቱ ያያል፤ ቀጥሎ ወጣቱ ይሠራል፣ አዋቂው ያርማል።

የአገራችን ከፍተኛ ትምህርት ተቋማትም ይህን መንገድ ያውቁታል። ጎረቤታችን የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ በ1940ዎቹ የግብርና ኮሌጅ ሆኖ ሲመሠረት ሥራው ሦስት ነበር፤ ማስተማር፣ መመራመርና የምርምሩን ፍሬ ለገበሬው ማድረስ። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በአገልግሎት እንዲያሳልፉ ይደረግ ነበር፤ አብዛኞቹም በየክፍለ ሀገሩ አስተምረዋል። ጅማ ደግሞ ተማሪዎቹን ወደ ኅብረተሰቡ እየላከ ችግሩን በቦታው እንዲያጠኑ በማድረግ የታወቀ ነው።

«እኛ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ምን ልንመራመር እንችላለን?» የሚል ሊኖር ይችላል። መልሱን ከደጃችን እንውሰድ። ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ልጅ ይጫወትበታል። በ1998 ዓ.ም. በሐምሌ ወር ማብቂያ ግን በሌሊት ደርሶ ከ200 በላይ ሰዎችን ወሰደ፤ ልጆችም ያለ ወላጅ ቀሩ። ውሃው የመጣው ደጋው ላይ ከዘነበው ዝናብ ነው። እንግዲህ በደንገጎ በኩል ዝናቡ ከጣለ በኋላ ጎርፉ ከተማ እስኪገባ ስንት ሰዓት ይወስዳል? የትኞቹ ቤቶች ቀድመው ይደረስባቸዋል? ማስጠንቀቂያው በማን በኩል ቢተላለፍ ይሰማል? ይህን ለመጠየቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የዝናብ መለኪያ፣ ሰዓት፣ ማስታወሻ ደብተር፣ ውሃው በየግድግዳው የደረሰበትን ከፍታ መለካት፣ በዚያች ሌሊት የነበሩትን አዛውንቶች በትሕትና መጠየቅ ይበቃል። እንዲህ ያለ ጥናት ያዘጋጀ ተማሪ መለካትን፣ ማዳመጥን፣ የተገኘውን ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ መጻፍን ይማራል። ጥናቱም ነፍስ ለማዳን ሊጠቅም ይችላል።

ስለ ልምምዱም የምናውቃቸውን የሁለት ወጣቶች ታሪክ እንንገራችሁ። አንደኛው ለልምምድ በተላከበት መሥሪያ ቤት ሁለት ወር ሙሉ ፎቶ ኮፒ ሲያነሣና ሻይ ሲያመላልስ ቆይቶ «በጣም ጥሩ» የሚል ወረቀት ተሰጠው። አልጠየቀም፤ የጠየቀውም አልነበረም። ሁለተኛዋ አባቷን በሕፃንነቷ ያጣች የሒሳብ አያያዝ ተማሪ ናት። በአንድ የጅምላ መደብር ስትመደብ እርሷም መጀመሪያ ዕቃ ስትቆጥር ነው የዋለችው። ነገር ግን የቆጠረችውን ከመዝገቡ ጋር አስተያየች፤ አልገጠመም። ጉድለቱ ከስርቆት ሳይሆን ተመላሽ ዕቃ ባለመመዝገቡ መሆኑን ለባለቤቱ አሳየች። ስትመረቅ ሥራ ፍለጋ አልወጣችም፤ ባለቤቱ ራሱ አስጠራት።

ስለዚህ እናንተ ተማሪዎች፣ በተመደባችሁበት ሥራ ቦታ በየቀኑ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ ማታ ያያችሁትን ጻፉ። የመመረቂያ ጽሑፋችሁ የሌላ ሰው ቃል ከሆነ ሐሰተኛ ምሥክር መሆኑን አትዘንጉ። በ2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት የጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡርና በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የተመረቀው የድሬዳዋ ነጻ የንግድ ቀጠና የሚፈልጉት የሚሠራ ሰው ነው።

እናንተም ነጋዴዎችና ባለሙያዎች፣ ለየቲም ተማሪ የምታደርጉት እገዛ በደብተርና በልብስ አይወሰን። በመደብራችሁ፣ በጋራዣችሁ፣ በቢሯችሁ ለሁለት ወር አንድ ወንበር ስጡት፤ እውነተኛ ሥራ አሠሩት፤ ሲሳሳት አርሙት። አባቱ ቢኖር ኖሮ ይዞት ይመጣ ነበር። አባቱ ስለሌለ፣ ይህ አደራ የኛ ነው።

አላህ ዕውቀታችንን ጠቃሚ፣ ሥራችንንም ተቀባይነት ያለው ያድርግልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።