ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረው ባል

(በሬዲዮ ከተላለፈ ስብከት ለንባብ የተዘጋጀ)

 

ዛሬ ስለ አንድ ቤት ልነግራችሁ ነው። ባልና ሚስት ያሉበት፣ ሕመም የገባበት ቤት።

ባለፈው ዓመት አንዲት እናት ደወለችልኝ። ቤቷ ከቡሬ ወጣ ብሎ ነው። ባለቤቷ በቆሎና በርበሬ የሚያመርት፣ በሰፈሩ ጎበዝ የሚባል ገበሬ ነው። ደም ግፊት እንዳለበት ከተነገረው ዓመታት አልፈዋል። መድኃኒቱን ግን ሲያመው ይውጠዋል፣ ሲሻለው ይተወዋል። በኋላ እግሩ አበጠ፣ ምግብ አስጠላው፣ ትንፋሽ አጠረው። ሲመረመር ሁለቱም ኩላሊቶቹ ደክመዋል። ሐኪሙ «ከእንግዲህ እጥበት ያስፈልግዎታል። ባሕር ዳር ይሂዱ፤ በሳምንት ሦስት ጊዜ ነው» አለው።

ሰውየው ዋጋውን ጠየቀ። በልቡ በሬዎቹን ቆጠረ፣ ልጆቹን ቆጠረ። ቤቱ ሲደርስ መደቡ ላይ ተጋደመና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። «አልሄድም። በሬ ሸጬ ልጆቼን ለማኝ አላደርግም። አንቺም እንዳትለምኚኝ» አላት።

እሷም እያለቀሰች «ወንጌላዊ፣ ቃሉን ላክብርለት ወይስ እንቢ ልበለው? አሜሪካ ያለችው እህቴ ደግሞ እዚያ ባልና ሚስት ቤታቸው ሆነው ያጥባሉ ትለኛለች። እኛስ ለምን አንችልም?» አለችኝ።

ወገኖቼ፣ ይህች እናት የጠየቀችው ሁለት ነገር ነው። ከኋለኛው ልጀምር።

በቤት ማጠብ ይቻላልን?

ኩላሊት ደማችንን ያጣራል። ቆሻሻውንና ትርፉን ውኃ በሽንት ያስወጣል። ሥራውን ሲያቆም ያ ሁሉ በሰውነት ውስጥ ይጠራቀማል። እጥበት የምንለው፣ ሐኪሞች ዲያሊሲስ የሚሉት፣ ያንን ሥራ በሌላ መንገድ መሥራት ነው።

መንገዱ ሁለት ነው። አንደኛው በማሽን ነው። ደሙ በቱቦ ወጥቶ፣ በማሽኑ ተጣርቶ፣ ወደ ሰውነት ይመለሳል። አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየቀኑ አራት ሰዓት ያህል ይወስዳል። በአገራችን የተለመደው ይህ ነው። በውጭ አገር ማሽኑን ቤታቸው አስገብተው የሚታጠቡ አሉ። ግን የተለመደው ማሽን ለአንድ እጥበት ብቻ ከ100 ሊትር በላይ እጅግ የተጣራ ውኃ ይፈልጋል። የማይቋረጥ መብራትም ይፈልጋል።

ሁለተኛው በሆድ በኩል ነው። በሆድ ላይ ስስ ቱቦ ይተከላል። በቱቦው ሁለት ሊትር ያህል የተዘጋጀ ፈሳሽ ይገባል፤ ሰዓታት ቆይቶ ቆሻሻውን ይዞ ይወጣል፤ አዲስ ይተካል። በእጅ የሚሠራ ሰው ይህን በቀን አራት ጊዜ ያህል ያደርጋል። ማታ ተኝቶ ሳለ በትንሽ ማሽን የሚያደርግም አለ። በእጅ ሲሆን መብራት አይፈልግም። ግን ቁጠሩት፦ በቀን ስምንት ሊትር፣ በወር 240 ሊትር። ያ ሁሉ ከረጢት በክረምት ጭቃ ቤት ድረስ መድረስ አለበት። እጅ ሳይታጠብ ቱቦው ከተነካ ደግሞ ሆድ ውስጥ አደገኛ ቁስለት ይነሣል። ይህኛው መንገድ በአገራችን ገና በስፋት አልተለመደም።

እንግዲህ ያቺ እህት የነገረቻት እውነት ነው። ቡሬ ገጠር ላይ ዛሬ የማይቻለው ባልና ሚስቱ ሰነፎች ስለሆኑ አይደለም። ውኃው፣ መብራቱና መንገዱ ስላልደረሰ ነው።

ነገር ግን ከእነዚያ ባልና ሚስቶች የምንማረው አንድ ነገር አለ። እዚያ በቤት ለመታጠብ የሚያስብ ሰው ብቻውን አይወስንም። ማታ በማሽን ቢሆን፣ ማሽኑ ሲጮህ አብራው የተኛችው ሚስት ትነቃለች። ቀን በእጅ ቢሆን፣ የሁለቱም ቀን በአራት ይቆረጣል። መኝታ ቤቱ በካርቶን ይሞላል። ስለዚህ «አንተ የቱን ትችላለህ? አንቺስ የቱን ትችያለሽ?» ተባብለው ነው የሚመርጡት። ሕመሙ በአንዱ ሰውነት ውስጥ ነው፤ ሕክምናው ግን የሁለቱን ቤት ይይዛል።

የእኛም ምርጫ ምርጫ ነው

የቡሬው ገበሬ ምርጫው አንድ ብቻ መስሎት ነበር፤ ወይ በሬ መሸጥ ወይ መሞት። ቁጭ ብለን ስናየው ግን ብዙ ነገር ነበረበት። ከቡሬ ባሕር ዳር 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሦስት ጊዜ ደርሶ መልስ በሳምንት 900 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ይህን የታመመ ሰው አይችለውም። ታዲያ ባሕር ዳር ቤት ይከራዩ? መሬቱንስ ለማን በእኩል ይስጡ? ልጆቹ ማን ጋር ይቆዩ? ከዘመድስ ኩላሊት የሚሰጥ ይገኝ ይሆን? በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ተደርጓል። ጤነኛ ሰው በአንድ ኩላሊት መኖር ይችላል። ግን ተመርምሮ፣ ማንም ሳያስገድደው፣ በፈቃዱ የሚሰጥ መሆን አለበት።

«ይብቃኝ» ማለትስ? ይህንንም በግልጽ ልናገር። በዕድሜ የገፋ፣ ሌላ ሕመምም የበረታበት ሰው እጥበቱን አልፈልግም ቢል፣ ከሐኪሙና ከቤተሰቡ ጋር በደንብ ተነጋግሮበት ከሆነ፣ እኔ አልኮንነውም። ነገር ግን ከወጪ ኀፍረት የተነሣ፣ ሚስቱን ሳያማክር፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ የሚወስን ሰው ቤቱን ያዳነ ይመስለዋል እንጂ አላዳነውም። ሚስቱ ዕድሜዋን ሙሉ «ምነው እንቢ ባልኩት» እያለች ትኖራለች።

የበለስ ጥፍጥፍ

በመጽሐፍ ቅዱስም ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረ አንድ ሰው አለ፤ የይሁዳ ንጉሥ ሕዝቅያስ። ታሪኩን በሁለተኛ ነገሥት ምዕራፍ 20 እና በኢሳይያስ ምዕራፍ 38 ታገኙታላችሁ። ለሞት ታምሞ ሳለ ፊቱን አዞረ፤ ግን ዝም አላለም። ወደ እግዚአብሔር አለቀሰ፤ ያለውን ሁሉ ተናገረ። እግዚአብሔርም ሰማውና 15 ዓመት ጨመረለት።

ቀጥሎ የሆነውን አስተውሉ። ነቢዩ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ አስመጣ፤ በእባጩም ላይ አደረጉለት። ተስፋው ከሰማይ መጥቶ ሳለ መድኃኒቱ ከዛፍ ተቆረጠ። እግዚአብሔር ያለ በለስ መፈወስ አይችልም ነበርን? ይችላል እንጂ። ግን በበለስ ሠራ።

ይህን የምለው ስለ አንድ የሚያሳዝነኝ ነገር ነው። «ጸልየንልሃል፣ ተፈውሰሃል፣ እጥበቱን ተው» የሚሉ ሰዎች አሉ። ቅዱሳን ሆይ፣ ለበሽተኛ ጸልዩ፤ እኔም እጸልያለሁ። ጌታ ሲፈውስ ምርመራው ራሱ ይመሰክራል፤ ሐኪሙ ራሱ «በቃህ» ይላል። እስከዚያ ድረስ ግን ማንንም ከማሽን አታስነሡ። የእጥበት ማሽን ለብዙ ሰው የዘመናችን የበለስ ጥፍጥፍ ነው። በ1943 እ.ኤ.አ. ሆላንድ በጀርመን ጦር ተይዛ ሳለች ነው ኮልፍ የሚባል ሐኪም የመጀመሪያውን የሠራው። በፊት ካከማቸው ብዙዎቹ ሞቱበት። አልተወም፤ በ1945 አንዲት ሴት ዳነችለት። ይህን ትዕግሥትና ጥበብ የሰጠው ማን ነው?

ሸክሙ የማን ነው?

ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች በጻፈው ምዕራፍ 6 ላይ ሁለት ነገር ይናገራል። አንዱ የሌላውን ከባድ ሸክም እንዲያግዝ ያዝዛል። ጥቂት ዝቅ ብሎ ደግሞ እያንዳንዱ የየራሱ ድርሻ እንዳለው ይነግራል። የሚጋጭ ይመስላል፤ አይጋጭም። መድኃኒቱን በሰዓቱ መዋጥ፣ ጨውና ውኃ መመጠን፣ ቀጠሮ አለማሳለፍ የበሽተኛው ድርሻ ነው፤ ሚስቱ ልትውጥለት አትችልም። ኪራዩ፣ እርሻው፣ ሐዘኑ ግን አንድ ትከሻ አይችለውም።

ለሁለትም ይከብዳል። ሽባውን ሰው ወደ ኢየሱስ ያመጡት አራት ናቸው፤ ጣራ እስከ መንደል ደርሰዋል። ጎጃም ውስጥ ወንፈል የማያውቅ ማን አለ? ዛሬ ለአንተ፣ ነገ ለእኔ ብለን አርሰናል፣ አጭደናል። ታዲያ ለታመመው ወንድማችን ወንፈል የማንወጣው ለምንድን ነው?

ያቺን እናት «ፊቱን ከግድግዳው እንዲመልስ ለምኚው፤ ከዚያ የሚወስነውን አብራችሁ ወስኑ» አልኳት። ሄደን አብረን ተቀመጥን። ሁለቱ ሌሊቱን ሲነጋገሩ አደሩ። አንድ በሬ ተሸጠ፤ አንዱ ቀረ። መሬቱን ወንድሙ በእኩል ያዘው፤ በርበሬውን ምእመናንና ጎረቤት፣ እምነት ሳይለዩ፣ በወንፈል ለቀሙ። እነሱ ባሕር ዳር አንዲት ክፍል ተከራዩ። ዛሬ ሰውየው በሕይወት አለ፤ እጥበቱም አልቀረም። ነገ በእግዚአብሔር እጅ ነው።

ባለፈው ስጠይቃቸው እሱ ምን አለኝ መሰላችሁ? «እኔን የሚጠይቀኝ ብዙ ነው። እሷን ግን ደከመሽ ወይ የሚላት የለም።» ወገኖቼ፣ በሽተኛ ልትጠይቁ ስትሄዱ አስታማሚዋንም ጠይቁ። አንድ ቀን ተክታችኋት ትተኛ።

ከመለያየታችን በፊት

ጤነኛ የሆናችሁ፣ በአቅራቢያችሁ ባለው ጤና ጣቢያ ደም ግፊታችሁንና ስኳራችሁን ተለኩ። መድኃኒት የተሰጣችሁ፣ ሲሻላችሁ አታቋርጡ። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሕመም ማስታገሻ አዘውትራችሁ አትዋጡ። ባልና ሚስት የሆናችሁ ደግሞ፣ ሕመም ሳይመጣ ዛሬ ማታ እሳት ዳር ሆናችሁ «ብታመም ምን እናደርጋለን?» ተባባሉ።

የነቢዩ ኤርምያስ መጽሐፍ እግዚአብሔርን ልብን የሚመረምር፣ ኩላሊትንም የሚፈትን ይለዋል። ከሰው የደበቅነውን፣ ወደ ግድግዳ ዞረን ያለቀስነውን እርሱ ያውቃል። ሸክም የከበደውን ወደ እኔ ና ብሎ የሚጠራው ልጁ ኢየሱስ ክርስቶስ ነው። በደላችንን በመስቀል የተሸከመ እርሱ የዛሬውንም ሸክማችንን አይንቅም። ልባችሁን ስጡት።

እንጸልይ። ጌታ ሆይ፣ በየመደቡ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞሩትን አስብ። ወደ አንተም ወደ ወዳጆቻቸውም መልሳቸው። የሚያስታምሙትን አበርታ፤ ለሐኪሞች ጥበብ ስጥ፤ እኛንም ሸክም የምንጋራ አድርገን። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።