ከጀልባ ወርዶ ምድር ያልጸናላት እኅት
(ለአገልግሎታችን ደጋፊዎች በተደረገ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የመጣነው ስለ ታደለው ዘርና ስለ ተቆፈሩት የውሃ ጉድጓዶች ብቻ ልንነግራችሁ አይደለም። ከአንዲት የሥራ ባልደረባችን ሕመም የተማርነውን ልናካፍላችሁ ወደናል። እርስዋም እንድንናገር ፈቅዳልናለች።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የዘር እህል ይዘን ከባሕር ዳር እየተነሣን በጣና ዳርቻ ወዳሉ መንደሮች በሞተር ጀልባ እንመላለስ ነበር። ጣናን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ጠዋት ጸጥ ብሎ የዋለ ውሃ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣበት ይናወጣል። ዘጠኝ ቀን በዚህ ሁኔታ ቆይተን ወደ ቤታችን ተመለስን። በዚያች ሌሊት አልጋችን የሚወዛወዝ መሰለንና ተሳሳቅን። በማግስቱ ሁላችንንም ለቀቀን፤ እኅታችንን ግን አልለቀቃትም።

ሳምንት አለፈ፤ ወርም አለፈ። ስትቆም ወለሉ ከእግርዋ በታች ከፍ ዝቅ ይልባታል። ስትተኛ አልጋው ይንሳፈፍባታል። በጉባኤ መካከል ለመዝሙር ስንነሣ የፊቱን ወንበር ጨብጣ ትቆም ነበር። የሚያስደንቀው ደግሞ በመኪና ስንጓዝ ይሻላታል፤ መኪናው ሲቆም ይመለስባታል።

እኛስ ምን አደረግን? በእፍረት እንናገራለን። አንዳንዶቻችን ድካም ነው አልን። አንዳንዶቻችን ወደ ገጠር ላለመውጣት ያመጣችው ምክንያት ነው ብለን ጠረጠርን። እጃችንን ጭነን ጸለይንላት፤ መጸለያችን መልካም ነበረ። ነገር ግን ወዲያው «አሁን ተሽሎሻል አይደል?» እያልን አስጨነቅናት። እርስዋም እኛን ላለማሳዘን «አዎን፣ ተሽሎኛል» አለች። እንዲህ አድርገን በሕመምዋ ላይ ሌላ ሸክም ጨመርንባት።

በምርመራም ምንም አልተገኘባትም። በመጨረሻ አንድ ሐኪም ታሪክዋን በትዕግሥት ሰምቶ ሕመሙ ስም እንዳለው ነገራት። በፈረንሳይኛ «ማል ደ ደባርክማን» ይባላል፤ ከመርከብ ሲወርዱ የሚይዝ ሕመም ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 ብራውንና ባሎ የተባሉ ሐኪሞች ስለ 6 ሕመምተኞች ጽፈውበታል። ከጀልባ የወረደ ሰው ለጥቂት ሰዓታት ወይም ለአንድ ሁለት ቀን ቢወዛወዝበት የተለመደ ነው። በጥቂቶች ላይ ግን ለወራት፣ ለዓመታትም ይቆያል። ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ ይበዛል። ሊቃውንቱ እንደሚያስረዱት፣ አእምሮ በውሃ ላይ የለመደውን መወዛወዝ በምድር ላይ መተው ያቅተዋል። ስለዚህ የጆሮ ምርመራ ጤነኛ ሆኖ ይገኛል፤ ለባሕር ጉዞ የሚሰጠው ክኒንም እምብዛም አይረዳም። እ.ኤ.አ. በ2014 በኒው ዮርክ ተመራማሪዎች 24 ሕመምተኞች የሚንቀሳቀሱ መስመሮችን እያዩ ጭንቅላታቸው ወደ ጎንና ጎን እንዲዘነብል በማድረግ አክመው፣ 17ቱ በእጅጉ እንደ ተሻላቸው ገልጸዋል። ይህ ሕክምና ለእኅታችን እስከ ዛሬ አልደረሳትም።

በሐዋርያት ሥራ መጨረሻ ላይ ጳውሎስ ከመርከብ አደጋ አምልጦ መላጥያ እንደ ደረሰ እናነባለን። የደሴቲቱ ሰዎች ብርድና ዝናብ ለመታቸው እንግዶች እሳት አነደዱ። እባብ እጁን በያዘው ጊዜ ግን እነዚያው ሰዎች ወንጀለኛ ነው ብለው ፈረዱበት። እኛም ሁለቱንም አደረግን፤ እሳቱንም አነደድን፤ ፈረድንም።

አሁን እኅታችን የዘሩን መዝገብ ተቀምጣ ትይዛለች፤ መኪና በሚገባበት ስፍራም አብራን ትወጣለች። ለመዝሙር ስንነሣ አንዳችን ከአጠገብዋ እንቆማለን። አሁንም እንጸልይላታለን፤ ተሽሎኛል እንድትለን ግን አንጠብቅም። ጠዋት ስንገናኝ «ማዕበሉ ዛሬ እንዴት አደረ?» እንላታለን። አንዳንድ ቀን «ጸጥ ብሏል» ትላለች፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ «በርትቷል»። የምትለው ሁሉ እውነት ነው፤ ይህም ለእኛ ትልቅ ነገር ነው።

ወገኖቻችን ሆይ፤ በጉባኤያችሁ መካከል በዓይን የማይታይ ሕመም የያዘው ሰው ቢኖር አስቀድማችሁ እመኑት። ወደ ሐኪም አብራችሁት ሂዱ። ስትጸልዩለትም እውነቱን ለመናገር ነጻነት ስጡት። እኅታችንንና እኛንም በጸሎታችሁ አስቡን። እግዚአብሔር ይባርካችሁ።