የምንኖርበት አገር በየወቅቱ የሚሰጠን
(በጠቅላላ ጉባኤያችን ላይ የቀረበ ንግግር)



የዛሬው ርዕሳችን ምግብ ነው፤ ነገር ግን ከሒሳብ እንጀምር። ጀርመን አገር የምንኖር ሴቶች የምናገኘው ገንዘብ በአብዛኛው ሦስት ቦታ ይሄዳል፤ ለቤት ኪራይ፣ አገር ቤት ላሉት ቤተሰቦቻችንና ለምግብ። ኪራይ አይቀነስም። እናት የምትጠብቀውን መቀነስም ይከብዳል። ስለዚህ ሲቸግር የሚቀነሰው ከራሳችን ጉሮሮ ነው። በተለይ አዲስ የመጡ እህቶቻችን ወሩ ሲጋመስ በዳቦና በፓስታ ይውላሉ፤ የቀረችውን ሳንቲም ደግሞ በአውሮፕላን ለመጣ እንጀራ ያውሏታል። የአገር ምግብ ናፍቆት ስለሆነ አንፈርድባቸውም። ግን በሁለቱ መካከል ሌላ መንገድ አለ፤ እሱም የምንኖርበት መሬት በየወቅቱ የሚሰጠውን ማወቅና በእጃችን ሙያ መሥራት ነው።

ወቅት መጠበቅ ለእኛ አዲስ ትምህርት አይደለም። ኮክ በክረምት፣ እሸት በመስከረም እያልን ነው ያደግነው። ጾሙና ፍስኩም ዓመቱን ይከፍሉልናል። እዚህ ስንመጣ ግን ሱፐርማርኬቱ ወቅትን ይደብቅብናል፤ ቲማቲሙ በጥርም በሐምሌም ያው ይመስላል። ወቅቱ በግልጽ የሚታየው ገበሬዎች ራሳቸው በሚሸጡበት ገበያ ነው። ፍራንክፈርት አካባቢ ላለን፣ ኮንስታብለርቫኸ በሚባለው አደባባይ ሐሙስና ቅዳሜ የሚቆመው የአምራቾች ገበያ አንዱ ነው።

በጸደይ በዚያ ገበያ በወረቀት የተጠቀለለ የቅጠላ ቅጠል እሽግ ይሸጣል። ሰባት ዓይነት ቅጠል ነው፤ «ግሩነ ዞሰ» ማለትም አረንጓዴ ስጎ የሚባለው የፍራንክፈርት ምግብ ይሠራበታል። ከሰባቱ አንዱ ክሬሰ የሚሉት የእኛው ፌጦ ነው። እኛ ፍሬውን ለመድኃኒት ስናስቀምጥ፣ እነሱ ቅጠሉን ይበሉታል። ይህን ምግብ በልማድ የሚበሉት በጸሎተ ሐሙስ ነው፤ እኛ ጉልባን በምንበላበት ዕለት ማለት ነው። የእኛና የእነሱ ፋሲካ በ2017 ዓ.ም. እንደሆነው አንድ ቀን ሲውል፣ ሁለቱ ገበታዎች ይገናኛሉ። እነሱ ቅጠሉን ከእርጎና ከእንቁላል ጋር ይሠሩታል፤ ለጿሚ ግን በዘይትና በሎሚ ለውሶ ከተቀቀለ ድንች ጋር ማቅረብ ይቻላል።

ቀጥሎ ሽፓርገል ይመጣል፤ ነጩ አስፓራገስ ነው። የሚነጣው አፈር ተከምሮበት ፀሐይ ሳያየው ስለሚያድግ ነው። ቀጥ ያለው ውድ ነው፤ የተሰበረውና የጎበጠው ግን ረከስ ይላል፣ ጣዕሙም አይለይም። ልጣጩንም ሳንጥል ቀቅለን ውኃውን ለሾርባ እናደርገዋለን። ገበሬው በልማድ ጁን 24፣ የመጥምቁ ዮሐንስ ልደት በሚከበርበት ቀን፣ መቁረጡን ያቆማል። ሥሩ አርፎ ለከርሞ ኃይል እንዲያጠራቅም ነው። በእኛ የሒሳብ ቋንቋ ትርፉን በልቶ ዋናውን አለመንካት ይባላል። የቁጠባ ሣጥናችንም የቆመው በዚሁ ነው።

በዚያው ሰሞን እንጆሪ ይደርሳል። ከከተማ ወጣ ባሉ እርሻዎች ራስ ለቅሞ በኪሎ መክፈል ይቻላል፤ ልጆቻችን ፍሬ ከመሬት እንጂ ከፕላስቲክ ዕቃ እንደማይበቅል የሚያዩት እዚያ ነው። በመኸር ዱባ ይሞላል። ሆካይዶ የሚሉት ቀዩ ዱባ ልጣጩም ስለሚበላ አያደክምም፤ በበርበሬ ሲሠራ የጾም ወጥ ይሆናል። በክረምት ደግሞ፣ በተለይ በሰሜን ጀርመን፣ ግሩንኮል አለ። የሐበሻ ጎመን አይደለም፣ ዘመዱ ነው። ውርጭ ሲመታው ይጣፍጣል ይሉታል። በደንብ አብስለን ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ቃሪያ ስንጨምርበት ቤቱ የእናቶቻችንን ቤት ይሸታል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። በጸደይ ቤርላውኽ የሚባል እንደ ነጭ ሽንኩርት የሚሸት ቅጠል በጫካ ይበቅላል። የሚመስሉት መርዛማ ቅጠሎች ስላሉ፣ ከገበያ እንጂ ከጫካ አትልቀሙ።

ገበያ መሄድ ምግብ ከመግዛት ያለፈም ጥቅም አለው። በሱፐርማርኬት ቃል ሳይተነፍሱ ገዝቶ መውጣት ይቻላል። ገበሬዋን ግን «ይህ ምንድን ነው? እንዴት ይበስላል?» ብለን እንጠይቃታለን፤ እሷም ታስረዳናለች። ሳምንቱን ሙሉ ከማንም ጋር ሳታወራ ለምትውል እህታችን ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ስለዚህ ለጉባኤው ሦስት ሐሳብ እናቀርባለን። አንደኛ፣ በወር አንድ ጊዜ ነባር አባላት አዲስ የመጡትን ይዘው ገበያ ይውጡ። ሁለተኛ፣ የሸማቾች ማዕከላት በነፃ የሚያወጡትን የወቅት ሰንጠረዥ መሠረት አድርገን፣ አጽዋማችንን የጨመረ የአማርኛ ሰንጠረዥ እናዘጋጅ። ሦስተኛ፣ ዱባና ጎመን በሚረክስበት ወቅት በጋራ ገዝተን፣ አብረን አብስለን፣ በየድርሻችን በማቀዝቀዣ እናስቀምጥ። ደጋፊዎቻችን የትራንስፖርቱን ብትሸፍኑልን፣ እያንዳንዱን ደረሰኝ በዓመቱ መጨረሻ በዚሁ ጉባኤ ፊት እናቀርባለን።

እንጀራችንን አንተውም። ከጎኑ የሚቀርበውን ግን ይህ አገርም ያበቅለዋል።