ገመዱን ለልጅ ከመስጠታችን በፊት



የዛሬው ርዕሳችን ሣር ነው። «ኢማም ስለ ሣር ምን ያገባዋል?» የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ በሚገኙ ከተሞች ለዓረፋ በግ፣ ለወተት ላም የሚያስሩ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። እንስሳውን ጠዋት ይዞ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ ልጅ ነው። «አብልተህ ና» ብለን ገመዱን እንሰጠዋለን፤ የት እንደሚያበላው ግን አንነግረውም።

ድመት አስራ፣ ራሷም ሳትመግባት፣ ከምድር ነፍሳትም ፈልጋ እንድትበላ ሳትለቃት ስለቀረችው ሴት ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የነገሩንን ሁላችንም ሰምተናል። በለምለም ምድር የሚጓዝ ሰው ለግመሎቹ ከምድሩ ድርሻቸውን እንዲሰጥ ማዘዛቸውንም ሙስሊም ዘግበውልናል። የተለቀቀ እንስሳ ቦታ ይመርጣል፤ የታሰረ እንስሳ ግን የሚበላው እኛ ባሰርነው ቦታ ያለውን ብቻ ነው። ስለዚህ ካስማውን የተከልንበት ቦታ ከአማናችን ይቆጠራል።

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች፣ ክረምቷ የበረታ አገር ናት። ክረምቱ አልፎ ሜዳው ሲደርቅ አረንጓዴ ሆኖ የሚቆየው ረግረጉና የወንዙ ዳር ነው። ልጁም በጉም ወደዚያው ያቀናሉ። የጉበት ትል የሚጠብቃቸውም እዚያው ነው። የታመመ በግ ወይም ከብት የትሉን እንቁላል በበጠጡና በእበቱ ይጥላል። እንቁላሉ ውሃ ሲያገኝ ይፈለፈላል፤ ጭቃ ውስጥ በምትኖር ትንሽ ቀንድ አውጣ ሰውነት ገብቶም ይራባል። ከዚያ ወጥቶ በውሃው ዳር ሣር ላይ ይለጠፋል። በጉ ሣሩን ሲግጥ አብሮ ይውጠዋል። ጩጬው ትል ጉበቱን እየቦረቦረ ያድግና ቅጠል የሚመስል ጠፍጣፋ ትል ይሆናል።

በጉ ወዲያው አይሞትም፤ ችግሩም ይኸው ነው። እየበላ ይከሳል። የዓይኑ ቆብ ውስጡ ይነጣል፣ ከመንጋጋው ሥር ውሃ የቋጠረ እብጠት ይወጣል። ላም ከሆነች ወተቷ ይቀንሳል። ቤተሰቡም «ዓይን በልቶት ነው» ይላል!

ለዓረፋ ያዘጋጀነው በግ እንዲህ ከሆነ ነገሩ ወደ ዒባዳችን ይገባል። በሽታው የለየለት እንዲሁም አጥንቱ መቅን እስኪያጣ የከሳ እንስሳ ለኡድሒያ እንደማይበቃ በሐዲስ ተነግሯል። ገንዘብ አጠራቅመን የገዛነውን ረግረግ ላይ እያሰርን ማክሳት ምን ይባላል?

በጉን ከፍ ባለና በደረቅ ቦታ እንሰረው፤ ውሃውን በባልዲ እናቅርብለት። ከረግረግ የታጨደ ሣር ካለም እርጥቡን ከመስጠት በደንብ ደርቆ ወራት የቆየ ድርቆሽ ይሻላል። መድኃኒቱን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይዘዘው። ብዙዎች የሚገዙት አልቤንዳዞል ያደገውን ትል እንጂ ጩጬውን አይገድልም፤ ትራይክላቤንዳዞል የሚባለው ግን ሁለቱንም ይገድላል። ሁሉም መድኃኒት ሥጋውና ወተቱ የማይበላበት የቀን ገደብ ስላለው ዓረፋ ሊደርስ ሲል መስጠት አይሆንም። ቀኑን ባለሙያውን እንጠይቅ።

ስለ ፀረ አረምም አንድ ነገር እንበል። በጎጃም ጤፍና ስንዴ ላይ ቱፎርዲ ይረጫል። በተረጨ ማሳ ድንበር ያለውን ሣርና ከማሳው የተነቀለውን አረም ለእንስሳ ከመስጠት በፊት በዕቃው ላይ የተጻፈውን የመቆያ ቀን መጠበቅ ግድ ነው። ማሳው የክርስቲያን ጎረቤታችን ከሆነም «መቼ ረጨኸው?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ጠዋት የራበውን እንስሳ ጤዛ ያለበት ለጋ ማገጥ ላይ መልቀቅም ሆዱን ይነፋዋል፤ አስቀድሞ ጭድ መቅመስ አለበት። ይህንን እንኳ እናቶች ከእኛ ይበልጥ ያውቁታል።

ፌስታል ግን የእኛ የከተሜዎች ጥፋት ነው። በ1999 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ስሱን ፌስታል ከልክሎ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም ደግሞ የተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚያግድ ሕግ አጽድቋል። በግ ጨው ወይም የምግብ ሽታ ያለበትን ፌስታል ይውጣል። የዋጠውም አይፈጭም፤ ሆዱ ውስጥ ተጠቅልሎ ይቀራል። ልጁ በጉን ከማሰሩ በፊት ገመዱ የሚደርስበትን ዙሪያ ይልቀም።

በመጨረሻ የዕርዱን ቀን እናስብ። ጉበቱ ወይም ሳንባው ላይ ውሃ የቋጠረ ነጭ ከረጢት ካገኘን ለውሻ አንጣል። ውሻው ያንን ሲበላ በአንጀቱ ውስጥ ትል ይራባል፤ የትሉ እንቁላል በኩሱ ወጥቶ ሣሩ ላይ ይወድቃል። በሚመጣው ዓመት በግ ይግጠዋል፣ በሜዳው የሚጫወት ልጅም በእጁ ወደ አፉ ይወስደዋል። በሰው ላይም ያንኑ ከረጢት በጉበትና በሳንባ ያበቅላል፤ ሕክምናውም እስከ ቀዶ ጥገና ይደርሳል። ስለዚህ ቢላው ከመሳሉ በፊት ውሻ ቆፍሮ የማያወጣው ጥልቅ ጉድጓድ ይቆፈር፤ ከረጢት ያለበት ሁሉ እዚያ ይቀበር።