ኢዮቤልዩና የወንድማማቾች ዕርቅ



ኢዮቤልዩ በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 25 እንደ ተሠራው፥ በየ50 ዓመቱ ቀንደ መለከት ተነፍቶ ነፃነት የሚታወጅበት ዘመን ነው። በዚያ ዓመት የተሸጠ ርስት ለባለቤቱ ይመለሳል፤ ለባርነት የተሸጠም ሰው ወደ ወገኑ ይገባል። እንግዲህ የኢዮቤልዩ ፍሬ ነገር ከበሮና ጽናጽል ብቻ ሳይሆን፥ የራቀው ወደ ቤቱ መመለሱ ነው። ስለዚህ በዚህ በዓል ተለያይተው ስለ ቆዩ ወንድማማቾችና ስለ ወላጆቻቸው መናገር የተገባ ሆነ።

የደሃና ምድር ይህን ነገር ከመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን ከኑሮው ያውቀዋል። በ1977 ዓ.ም. በወሎና በትግራይ ጽኑ ረኃብ በሆነ ጊዜ፥ ከዋግ አውራጃ ብዙ ሕዝብ እህል ፍለጋ ወደ ኮረም ተሰደደ። የዚያ ዘመን መንግሥትም በ1977ና በ1978 ዓ.ም. 600,000 ያህል ሰዎችን፥ የሚበዙትንም ከወሎ አንሥቶ፥ ወደ ወለጋ፥ ወደ ኢሉባቦር፥ ወደ ከፋ፥ ወደ ጋምቤላና ወደ ጎጃም መተከል አሰፈረ። ወዶ የሄደ ነበረ፤ ተይዞ የተወሰደም ነበረ። ባል ከሚስቱ፥ ልጅ ከእናቱ ተለየ፤ በቆላው ወባ ያለቀውም ብዙ ነው። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት በተለወጠ ጊዜ ብዙዎች ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ሌሎችም በሰፈሩበት ልጅ ወልደው ቀሩ።

ለምሳሌ እንዲሆን አንድ ቤት በልቡና ይታሰብ። ታላቁ ከወላጆቹ ጋራ በደሃና ቀረ፤ ታናሹ ወደ ወለጋ ተወሰደ። የቀረው፥ «ረኃቡንም ጦርነቱንም ከአባቴና ከእናቴ ጋራ የቻልሁት እኔ ነኝ፤ እርሱ ግን ወደ ለምለም አገር ሄዶ ረሳን» ይላል። የሄደውም፥ «እኔን ሲወስዱኝ የፈለገኝ የለም፤ እርሻውንና በሬውን ብቻውን ያዘ» ይላል። ሁለቱም የሚናገሩት በራሳቸው የደረሰውን ነው፤ ነገር ግን አንዱ የሌላውን ዘመን አላየም። የተወሰደውም ሕፃን ሳለ ከሆነ፥ የእናቱን ኽምጣኛ ረስቶ፥ ኦሮምኛ ለምዶ ይመለሳልና፥ ከወለደችው ጋራ በአስተርጓሚ ይነጋገራል።

ይህም በኦሪት ዘፍጥረት የተጻፈውን የዮሴፍን ነገር ያሳስባል። ዮሴፍ በ17 ዓመቱ ተሸጠ፤ በ30 ዓመቱ በፈርዖን ፊት ቆመ፤ ለወንድሞቹ ራሱን የገለጠው ግን ሰባቱ የጥጋብ ዓመታት አልፈው፥ ረኃቡ ሁለት ዓመት ከሆነው በኋላ ነው። ይህም 22 ዓመት ያህል ይሆናል። ወንድሞቹ አስቀድመው በፊቱ በቆሙ ጊዜ፥ በመካከል አስተርጓሚ ስለ ነበረ የማይሰማቸው መስሏቸው፥ በደላቸውን በቋንቋቸው እርስ በርሳቸው ተነጋገሩ፤ እርሱ ግን ሰምቶ ፈቀቅ ብሎ አለቀሰ። ኋላም አቅፎ ሳማቸው፤ አባታቸው ያዕቆብም በ130 ዓመቱ ወደ ግብፅ ወርዶ ልጁን በዓይኑ አየ።

ብዙ ሰው ታሪኩ በዚህ የተፈጸመ ይመስለዋል። ነገር ግን ያዕቆብ በግብፅ 17 ዓመት ተቀምጦ ባረፈ ጊዜ፥ ወንድሞቹ ዮሴፍ ብድሩን እንዳይመልስባቸው ፈርተው ይቅርታ ለመኑት፤ ያን ጊዜም እንደ ገና አለቀሰ። እነሆ፥ የ22 ዓመት መለያየት በአንድ ቀን ሲያበቃ፥ ፍርሃቱ ግን በአንድ አገር እየኖሩ፥ ከአንድ ጎተራ እየበሉ፥ 17 ዓመት ሙሉ በልባቸው ተቀመጠ። ዮሴፍስ ይቅር ብሏቸው ነበር፤ እነርሱ ግን በደላቸውን ለወንድማቸው ገልጠው ሲናገሩ የሚገኙት አባታቸው ከሞተ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ የአባታቸው ሽበት መጋረጃ ሆኗቸው ኖረ።

ስለዚህ ወላጁን ለማየት ከሩቅ የመጣ ሁሉ፥ በአባቱ መደብ አጠገብ ከወንድሙ ጋራ ስለ ተሳሳመ ዕርቁ ተፈጸመ አይበል። ለአባትና ለእናት ሲባል ብቻ የተደረገ ዕርቅ ከእነርሱ ጋራ ይቀበራል፤ በተዝካራቸውም ማግስት ክርክሩ ይነሣል። ይልቁንም ወላጆች በሕይወት ሳሉ፥ የነፍስ አባትና የአገር ሽማግሌ በተቀመጡበት፥ የቀረው የመቅረቱን፥ የሄደውም የመሄዱን ዘመን ይናገር፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ዝም ብሎ ይስማ። የእርሻና የከብት ነገር ቢኖርም አይሸሸግ። ወላጅም፥ «የትናንቱን አታንሡ» ብሎ አፋቸውን አይዝጋ፤ በክፉው ቀን ማንን አስቀርቶ ማንን እንደ ሰደደ፥ ስለ ምንም እንዳደረገው፥ ልጆቹ ከአንደበቱ ይስሙት።

ይህም ቃል ለሸመገሉት ብቻ አይደለም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሆነው ጦርነት ብዙ የዋግ ቤት እንደ ገና ተበትኗልና፥ የዛሬዎቹ ወንድማማቾች 22 ዓመት አይጠብቁ። የእህልን ረኃብ አንድ መልካም ክረምት ያርቀዋል፤ የወንድምን ረኃብ ግን እውነተኛ ቃል ካልሆነ የሚያርቀው የለም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።